ይመኙሻልና ያልተሟሸው ማድጋ

ይህን ተረት ከዚህ ቀደም አንድ ሠርግ ቤት ተርቼዋለሁ። ያን ጊዜ ባለታሪኳን «አንዲት ሸክላ ሠሪ» ብዬ አለፍኳት። የሌሎቹን ሁሉ ስም ግን አንድ በአንድ ጠራሁ፤ የጋሪ ፈረሱን ስም እንኳ አልተውኩም። ሴትዮዋ ይመኙሻል ትባላለች። እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ከመጀመሪያው ልነሳ።

ሰንበሌጥ በሚባል ቆላ ወረዳ፣ ከገበያው ግርጌ፣ ነፋስ አቧራውን ሁሉ በሚያራግፍበት ሠፈር ይመኙሻል የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ስትስቅ ከሩቅ ይሰማል፤ ስትቆጣ ደግሞ ከዚያም አልፎ ይሰማል። የሰንበሌጥ ሰው በእሷና በጎረቤቶቿ ድስት ወጡን ይሠራል፣ በእንስራቸው ውሃውን ይቀዳል፤ ቤታቸው ገብቶ ግን አንዲት ጉርሻ አይቀምስም። ዕቃቸው ይፈለጋል፣ እነሱ አይፈለጉም። ቀጥቃጩም፣ ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ።

አንድ ዓመት ታዲያ ከወደ ላይ አዲስ መመሪያ መጣ። መንግሥት ከሚገዛው ዕቃ አንዱ ድርሻ ለባለእጆች አነስተኛ ማኅበራት ብቻ ይከለል፤ ትልቅ ነጋዴ እዚያ ውስጥ እጁን አያስገባ ተባለ። የሰንበሌጥ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በየክፍሉ የመጠጥ ውሃ ማስቀመጫ ይፈልጉ ነበር። በዚያ ሙቀት በፕላስቲክ በርሜል የተቀመጠ ውሃ እኩለ ቀን ላይ የእግር መታጠቢያ ይሆናል። ማድጋ ግን ውሃ ያቀዘቅዛል። ይመኙሻል ሴቶቹን ሰበሰበች፤ ማኅበር አቋቋመች፤ ስሙንም «እጃችን አያፍርም» አለችው። ተወዳደሩ፤ አሸነፉ። አንድ ማድጋ ለናሙና ወደ ወረዳው ግምጃ ቤት ላኩ።

ከግምጃ ቤቱ የተመለሰው ወሬ ግን ደስ የሚል አልነበረም። ንብረት ተረካቢው ጠዋት ማድጋውን ውሃ ሞሉበት፤ ማታ ወለሉ ረጥቦ አገኙት። «ያፈሳል» አሉ። «እስከ መጪው ገበያ ውሃ የሚይዝ ማድጋ ካልመጣ ክልከላው ይነሳል፤ ግዥው ለሁሉም ክፍት ይሆናል።» የበርሜል ነጋዴው መኪናውን አስጭኖ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ አቁሟል፤ የሚጠብቀው ይህችኑ ቃል ነው።

ይመኙሻል ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግንባሯን መታች። አዲስ ማድጋ እንደሚጠማ ማን ያጣዋል? ተልባ ተፈልቶበት፣ ውስጡ ተልባ ለብሶ መሟሸት አለበት። ከዚያ በኋላ ያልበዋል እንጂ አያፈስም። ሸክላ ሠሪ ግን የምትሸጠውን አታሟሽም። እህል ያስነካችውን ዕቃ ማን ይገዛታል? ስለዚህ ከእናት ወደ ልጅ የመጣው ደንብ እንዲህ ነው፤ ሸክላ ሠሪ ደረቁን ትሸጣለች፣ ገዥ ቤቱ ወስዶ ያሟሻል። ገዥ ሁሉ ማድቤት አለዋ!

«ወይ ጉድ!» አለች ይመኙሻል። «ለካ መንግሥት ማድቤት የለውም!»

አንድ ሌላ ደረቅ ማድጋ መረጠች፣ በገመድ አስራ አዘለችው፣ ወጣች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ይህን ማድጋ የሚያሟሽላት አንድ ሰው።

መጀመሪያ ወደ ንብረት ተረካቢው ወደ አቶ ምንውየለት ሄደች።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ምንውየለት። ማድጋዬን ሳያሟሹ ውሃ ሞሉበት አሉ።»

«መመሪያው ውሃ ሙላ ይላል፤ አሟሽ አይልም» አሉ።

«ቤትዎ አዲስ ማድጋ ሲገባ ባለቤትዎ ምን ያደርጋሉ?»

«ቤቴ ሌላ፣ ቢሮዬ ሌላ! እኔ ንብረት ተረካቢ ነኝ እንጂ ወጥ ቤት አይደለሁም።» ይህን ብለው የማድጋውን ጠርዝ በጣታቸው አንኳኩት። ማድጋው «ኩንን!» አለ። «ድምፁስ ጥሩ ነው» አሉ ለስለስ ብለው። «የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ታሟሸው፤ ያን ጊዜ ውሃ እሞላበታለሁ።»

እናም ይመኙሻል ማድጋዋን አዝላ ሄደች። ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።

ወጥ ሠሪዋ ጥሩአየር ከትምህርት ቤቱ ማድቤት ደጃፍ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር።

«አንቺ ይመኙ! ከመንግሥት ጋር ትነግጃለሽ አሉ፤ ታዲያ መኪናሽ የታለ?»

«ይኸው ጀርባዬ ላይ ጭነቱ፤ መኪናው እኔ ነኝ። ጥሩዬ፣ አሟሺልኝ። ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።»

«ራስሽ አታሟሺውም? እጅሽ ተቆርጧል?»

«እኔ ባሟሸው አንቺ ትጠጪበታለሽ?»

ጥሩአየር ወደ ሽንኩርቷ ጎንበስ አለች። ሽንኩርቱ ዓይኗን አስለቀሳት፤ ወይም እንዳስለቀሳት ሆነች። ከዚያ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ማድጋውን አንኳኳችው። ማድጋው «ኩንን!» አለ።

«ይህስ ይሟሻል። ግን በምን? ተልባ አምጪልኝ። ያለ ተልባ ማሟሸት ያለ በርበሬ ወጥ ማለት ነው።»

እናም ይመኙሻል ማድጋዋን አዝላ ሄደች። ጥሩአየር ያለ ተልባ አላሟሽም አለች፤ ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።

ተልባ የሚገኘው ከእህል ነጋዴው ከሐጂ ይመር ዘንድ ነው። ሐጂ ከሱቃቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው ይስሉ ነበር። እሷም ከደፉ ወዲህ ቆመች፤ ወደ ውስጥ ግቢ ያላት ሰው አልነበረም።

«ሐጂ፣ አንድ ጣሳ ተልባ ይስጡኝ። ጥሩአየር ያለ ተልባ አላሟሽም አለች፤ ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።»

«ልጄ፣ ቀናሽ ከፍቷል። ሱቄ ውስጥ አንዲት ፍሬ የለችም። ተልባዬ ከወንዝ ማዶ አውድማ ላይ በጆንያ ታስሮ ተቀምጧል። አይጥ ሲሳይ ወርዶላት ትፈነጥዛለች፣ እኔ እዚህ እስላለሁ።» እጃቸውን ዘርግተው ማድጋውን አንኳኩት። ማድጋው «ኩንን!» አለ። «ድምፁ ከኔ ድምፅ ይሻላል! ሂጂ፣ ዳምጠው በጋሪው ያምጣልኝ፤ ያን ጊዜ ጣሳ ሙሉ እሰጥሻለሁ።»

እናም ይመኙሻል ማድጋዋን አዝላ ሄደች። ሐጂ ይመር ያለ ጋሪ ተልባ የለም አሉ፤ ጥሩአየር ያለ ተልባ አላሟሽም አለች፤ ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።

ባለጋሪው ዳምጠው ከጋሪው ሥር ተንጋሎ ተኝቷል። ቦራ የሚባለው ፈረሱ የሰው አጥር ይበላል።

«ዳምጠው! ተነሳ እንጂ፣ ፀሐይ እኮ አናት ላይ ወጣች!»

«እኔማ ተነስቻለሁ፤ አልነሳም ያለው ጋሪው ነው» አለ ዳምጠው ከተኛበት ሳይንቀሳቀስ።

«የሐጂን ተልባ አምጣልኝ። ሐጂ ይመር ያለ ጋሪ ተልባ የለም አሉ፤ ጥሩአየር ያለ ተልባ አላሟሽም አለች፤ ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።»

«ፓ! ይህን ሁሉ በቃልሽ ይዘሽ ነው የምትዞሪው? እኔ የሰጡኝን መልእክት መንገድ ላይ እጥላለሁ።» ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «እይ እስቲ፤ ፈረሱን ከጋሪው የሚያያይዘው ብረት ተሰብሯል። ቦራን ሂድ ብለው ይሄዳል፤ ጋሪው ግን እዚሁ ይቀራል። ሁለቱ ተፋተዋል።» ወደ ማድጋው ጠጋ ብሎ በጣቱ መታው። ማድጋው «ኩንን!» አለ። «አይ ዕቃ! ጋሽ ቢራራ ብረቴን ይቀጥቅጡልኝ፤ ከነጆንያው አመጣልሻለሁ።»

እናም ይመኙሻል ማድጋዋን አዝላ ሄደች። ዳምጠው ያለ ብረት ጋሪ አይነሳም አለ፤ ሐጂ ይመር ያለ ጋሪ ተልባ የለም አሉ፤ ጥሩአየር ያለ ተልባ አላሟሽም አለች፤ ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።

ጀርባዋ መላጥ ጀምሯል። ወደ ቀጥቃጩ ቤት ስትወርድ በግምጃ ቤቱ በር አለፈች። የበርሜል ነጋዴው ከመኪናው ወንበር አንገቱን አውጥቶ፣ «እናት ዓለም፣ እሱን አውርጂና አንድ በርሜል ልመርቅልሽ! ቀላል ነው፣ አይሰበርም!» አላት።

«አመሰግናለሁ ወንድሜ» አለችው። «እኔ የማዝለው ድምፅ ያለውን ነው።»

ጋሽ ቢራራ ከቀዘቀዘው ምድጃቸው ፊት አገጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መዶሻው ተጋድሟል፤ የብረት መቀጥቀጫው መስፍም ዝም ብሏል። እሳቸውም ባለእጅ ናቸው፤ ቤታቸው ከይመኙሻል ቤት በላይ ነው።

«ጋሽ ቢራራ፣ ምነው ዝም ዝም? ብረት እንዲቀጠቅጡልኝ መጣሁ። ዳምጠው ያለ ብረት ጋሪ አይነሳም አለ፤ ሐጂ ይመር ያለ ጋሪ ተልባ የለም አሉ፤ ጥሩአየር ያለ ተልባ አላሟሽም አለች፤ ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ።»

«ብረት ያለ እሳት አይቀጠቀጥም፣ ልጄ።»

«እሳቱስ?»

«ወናፍ ካልነፋው አይነድም።»

«ወናፉስ?»

«ወናፍ ያለ አፍንጫ አይነፋም» አሉ፤ የተሰነጠቀ የሸክላ አፍንጫ ከአመዱ ውስጥ አውጥተው አሳዩዋት። ወናፉ ትንፋሹን ወደ እሳቱ የሚልክባት፣ ክንድ የምታህል የሸክላ ቧንቧ ናት። «ከከተማ የብረት ይመጣልሃል ብለውኝ እጠብቃለሁ። የሰው ሥራ ሁሉ ቆሟል።»

ይመኙሻል ማድጋውን ከጀርባዋ አወረደች። አፍንጫውን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ይህን ማን ነበር የሠራልዎት?»

«እናትሽ ናታ! ነፍሷን ይማረውና።»

«ታዲያ እኔስ? እዚህ ታች ያለሁት ጠፍቼብዎ ነው?»

ጋሽ ቢራራ አንገታቸውን ደፉ። «አንቺማ አሁን ለመንግሥት ነው የምትሠሪው። ለመንግሥት የምትሠራን ሴት ለአንዲት አፍንጫ ላስቸግራት ብዬ አፈርኩ።»

ይመኙሻል እስክታነባ ሳቀች። ገበያው ላይ የነበሩ ሰዎች ሳቋን ሰምተው ዘወር አሉ። «እኔን አፍረው! እኔ ደግሞ አገሩን ሁሉ ዞሬ ስለምን! ወናፉ ያለ አፍንጫ አልነፋም አለ፤ እሳቱ ያለ ወናፍ አልነድም አለ፤ ብረቱ ያለ እሳት አልለዝብም አለ፤ ዳምጠው ያለ ብረት ጋሪ አይነሳም አለ፤ ሐጂ ይመር ያለ ጋሪ ተልባ የለም አሉ፤ ጥሩአየር ያለ ተልባ አላሟሽም አለች፤ ምንውየለት ያልተሟሸ አልቀበልም አሉ፤ ለካ የሁሉም ጫፍ ያለው እኔው መዳፍ ውስጥ ነው!»

እጅጌዋን ሰበሰበች። ጭቃ ከጭድ ጋር ለወሰች፣ በእንጨት ላይ ጠቀለለች፣ አለሰለሰች፣ እንጨቱን መዘዘች። የወናፍ አፍንጫ እንደ ድስት አይተኮስም፤ ነፋስ ካደረቀው በኋላ ያው የቀጥቃጩ እሳት ራሱ ያበስለዋል። በማግስቱ ጠዋት አምጥታ ለወናፉ ገጠመችለት።

እንግዲህ ያዙኝ፣ ወደ ኋላ ልሮጥ ነው! አፍንጫው ወናፉን አስተነፈሰ፤ ወናፉ እሳቱን ቀሰቀሰ፤ እሳቱ ብረቱን አለዘበ፤ ጋሽ ቢራራ ብረቱን ቀጠቀጡ፤ ብረቱ ቦራንና ጋሪውን አስታረቀ፤ ዳምጠው ጋሪውን ነዳ፤ ጋሪው ጆንያውን አመጣ፤ ሐጂ ይመር ጆንያውን ፈቱ፤ ጥሩአየር ተልባውን አፈላች፤ ተልባው ማድጋውን አለበሰው፤ ማድጋው ተሟሸ!

በገበያው ዋዜማ አቶ ምንውየለት ማድጋውን ውሃ ሞሉት። ሲመሽ መጥተው ጎንበስ አሉ። ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱ፤ ደረቅ ነው። የማድጋውን ሆድ ነኩ፤ አልቦታል፤ እንደ ጠል ቀዝቃዛ ነው። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ጥሩአየር አለች፣ ሐጂ አሉ፣ ዳምጠው አለ፣ ጋሽ ቢራራ አሉ። የበርሜል ነጋዴውም አለ።

«ይዟል» አሉ አቶ ምንውየለት። «እንግዲህ የመጠጥ ነውና መቀመስ አለበት።» የቢሮውን ጣሳ ከመስኮቱ አነሱ።

ይመኙሻል በዚያ ቀንም ስትሯሯጥ ነው የዋለችው፤ ጉሮሮዋ ደርቋል። ጣሳውን ከእጃቸው ተቀበለች፣ ከማድጋው ጨለፈች፣ ግጥም አድርጋ ጠጣች።

በሰንበሌጥ ሸክላ ሠሪ ውሃ ሲሰጣት ከላይ በመዳፏ ይፈስላታል እንጂ የሰው ጣሳ አፏ አይነካም። ይህንን እሷም ታውቃለች። ጣሳውን አላጠበችውም። እንደገና ጨለፈችና ለአቶ ምንውየለት ዘረጋችላቸው።

«እንኩ። እኔ የሠራሁትን ማድጋ ሲረከቡ፣ እኔ የጠጣሁበትን ጣሳም ይረከቡ።»

«አሁን ማን ሊጠጣው ነው?» አለ የበርሜል ነጋዴው እየሳቀ። «ዕቃዬን ላስወርድ እንዴ?»

አቶ ምንውየለት ጣሳውን አዩ፤ ጥሩአየርን አዩ። ጥሩአየር ሐጂን አየች። ሐጂ ዳምጠውን አዩ። ዳምጠው ጋሽ ቢራራን አየ። ጋሽ ቢራራ መሬቱን አዩ። ይመኙሻል ክንዷን እንደዘረጋች ናት፤ ውሃው ከጣሳው ጠርዝ አንዲት ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም። እንቢ ከተባለ ማኅበሩ አለቀለት፤ ነገ ሴቶቹ ተመልሰው ገበያው ግርጌ፣ አቧራው ውስጥ ናቸው። እሷ ግን እጇን አላጠፈችም።

«ወዲህ በይው!» አለች ድንገት ጥሩአየር። «ከነገ ወዲያ ልጆቹ ሊጠጡበት አይደል? እኔ ሳልጠጣ እነሱን ጠጡ ልበላቸው?» ጣሳውን ተቀብላ ጠጣች። ጨልፋም ለሐጂ ሰጠች።

«ቢስሚላህ» አሉ ሐጂ፤ ጠጡ፤ ሳላቸውን ረሱት። ሐጂ ለዳምጠው ሰጡ። ዳምጠው ሁለቴ ጨልፎ ጠጥቶ፣ «ሁለተኛው ለቦራ ነው» እያለ ለጋሽ ቢራራ ሰጠ። ከሰው ጣሳ ጠጥተው የማያውቁት ጋሽ ቢራራ በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ጠጡ፤ ከዚያ ለአቶ ምንውየለት አቀበሉ። ችግሩ በዞረበት መንገድ ጣሳው ዞረ።

አቶ ምንውየለት ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡ። ዓይናቸውን ገለጡ። ዳግመኛ ጨለፉ።

«ይቀዘቅዛል» አሉ። «ተረክቤያለሁ። የቀሩትንም አምጡ፤ ጥሩአየር ታሟሻቸዋለች።»

«የለም» አለች ይመኙሻል። «የቀሩትን ደረቁን አላመጣም። እኛው ቤት፣ በእኛው ምድጃ፣ በእኛው እጅ አሟሽተን እናመጣለን።»

«እንዴ! መመሪያው እኮ…»

«መመሪያው አሟሽ አይልም አሉኝ። አታሟሽ ይላል?»

አቶ ምንውየለት «አይልም» አሉ።

«እንግዲያው ተስማማን።»

የነጋዴው መኪና እንደተጫነ ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ከገበያው ግርጌ ካለው ሠፈር የተልባ ሽታ ወጣ። ጋሽ ቢራራ ለምድጃዎቹ ማቆሚያ ብረት ቀጠቀጡ፤ ዳምጠው በጋሪው ተልባ አመላለሰ፤ ሐጂ ይመር ይመኙሻልን ከሱቃቸው ውስጥ አስቀምጠው ሰፈሩላት፤ ጥሩአየር እየመጣች በእነሱ ምድጃ ታማስላለች፣ በእነሱም ምጣድ የተጋገረውን ትቆርሳለች፤ አቶ ምንውየለት የመጣላቸውን ሁሉ ውሃ እየሞሉ ይረከባሉ። የሰንበሌጥ ልጆችም በየክፍላቸው ቀዝቃዛ ውሃ ይጠጣሉ፤ ማን እንደሠራው ሲጠየቁ «ይመኙሻል» ይላሉ።

ተረቴ እዚህ ላይ አበቃ። ያን ቀን ሠርግ ቤቱ ውስጥ ያለ ስሟ የተረትኩላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ይቅር በሉኝ።